ደቦ ነው ወይስ ወንፈል?

ፔምባ ደሴት፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ካሳሁን፣

ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ደጅዎን ሰላም ያድርግልኝ። እንዴት ሰነበቱ? «በስልክ ሰው ደህና ነኝ ከማለት ሌላ አያውቅም፣ ጻፊልኝ» ስላሉኝ ይኸው በወረቀት እየጻፍኩ ነው። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለቡርቱካን እልካለሁ፤ እሷ ፋርማሲዋ ውስጥ አትማ ትሰጥዎታለች። የርስዎንም እንዲሁ አንስታ ትልክልኛለች፣ ኔትወርክ የመጣ ዕለት።

ደርሻለሁ። የት እንደደረስኩ ግን ገና አልገባኝም። ከዛንዚባር እዚህ ድረስ በመርከብ ስመጣ ሌላው ሰው ባሕሩን ፎቶ ያነሳል፤ እኔ «ይህን ሁሉ ውሃ ጨው አድርጎ ምን ይሠራለታል፣ እኛ መርሳ ላይ ሰው በሽንኩርት መስኖ ተራ ይጣላል» እያልኩ ስናደድ ዋልኩ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ስገባ ልጆቹ በሙሉ ብድግ ብለው «ሺካሞ!» አሉ። ለትልቅ ሰው ብቻ የሚባል ሰላምታ ነው፣ እኛ ለርስዎ ጎንበስ እንደምንለው። እኔ ማን ሽማግሌ መጣ ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም የለም። ለካ ትልቋ ሰው እኔ ነኝ፤ በሃያ ሰባት ዓመቴ!

በበጎ ፈቃድ እንዳስተምር የሰጡኝ ሒሳብ ነው። የማስተምረው በእንግሊዝኛ ነው፤ እነሱ የሚያስቡት በስዋሂሊ፣ እኔ የማስበው በአማርኛ። «ገባችሁ?» ስል ሰባ ልጅ በአንድ ድምፅ «አዎ» ይላል። ጥያቄ ስጠይቅ ሰባውም ዝም። እኔ ነኝ የማስተምር ወይስ እነሱ ናቸው ትዕግሥት የሚያስተምሩኝ፣ አላውቅም። ምሳ ላይ ደግሞ ስምንት እግር ያለው የባሕር አውሬ በኮኮናት ወጥ ሠርተው አቀረቡልኝ። እባክዎ ሸህ አቡበከርን ይጠይቁልኝ፤ ይበላል?

ጋሼ፣ ስምንተኛ «ለ» ልጆቼ እንዴት ናቸው? ርእሰ መምህሩ ያሉኝን ያውቃሉ፤ «ክፍሉ አንድ ሳምንት ባዶ ከዋለ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ» ብለውኛል። መምህር ዮናስ የኔን ሒሳብ ከራሱ ጋር ደርቦ እስከ ሰኔው ክልላዊ ፈተና ሊይዝልኝ ቃል ገብቷል። ሄደው አንድ ጊዜ ቢያዩልኝ። ልጆቹን ጥዬ መምጣቴ ሌሊት ሌሊት ይቆረቁረኛል።

ልጅዎ ኢሕሳን

*

መርሳ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢሕሳን፣

ያንቺም አላህ የኔም እግዚአብሔር፣ አንድ ነውና፣ በሄድሽበት ይከተልሽ። ባሕሩንም ያስታግስልሽ።

ደብዳቤሽን አነበብኩት፤ ከዚያ ለቡርቱካን አነበብኩላት፤ ከዚያ ተፈራ ባጃጁን አቁሞ «እስቲ ለኔም» አለና ሦስተኛ አነበብኩት። ሰው «ምንዎ ናት?» ሲለኝ የኔ እናትና የአያቷ የኑርሁሴን አባት እህትና ወንድም ነበሩ ብዬ ቆጥሬ እስክጨርስ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ «ልጄ ናት» ብዬ እገላገላለሁ።

ሸህ አቡበከርን ጠየቅኋቸው። «ከባሕር የወጣ ከሆነ ትብላ» አሉ። ሦስት እርምጃ ሄደው ተመለሱና «ግን ስምንት እግር ነው ያለችው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። አሁንም በገበያው ስንገናኝ በጣታቸው ስምንት እያሳዩ ይስቃሉ።

አሁን እኔን ግራ የገባኝን ልጠይቅሽ። መርሳ ሁሉ «ስንት ይከፍሏታል?» ይለኛል። በነፃ ነው ስል አያምነኝም። ተፈራማ «እዚህ በነፃ የሚማር ልጅ ጠፍቶ ነው መርከብ የተሳፈረችው?» አለኝ። ይኼ በጎ ፈቃድ የምትሉት ነገር ደቦ ነው ወይስ ወንፈል? ደቦ ከሆነ ጠሪው አብልቶ አጠጥቶ መርቆ ይሸኝሻል፣ አለቀ። ወንፈል ከሆነ ግን ለነሱ የዋልሽው ቀን አለና እነሱም ለኛ ሊውሉ ይገባል። መቼ ነው የሚመጡት? አትሳቂብኝ፤ የምሬን ነው።

ስምንተኛ «ለ» ባዶ አልዋለም። አንድም ቀን። ይህን ይዘሽ ተኚ።

ካሳሁን

*

ፔምባ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ካሳሁን፣

ዕድሜና ጤና ከርስዎ አይራቅ። ጽሕፈትዎን ሳየው ደስ ይለኛል፤ ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ ያስተማረ እጅ፣ ያለ መስመር ወረቀት ላይ እንኳ መስመር አይስትም። ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ስለ ስምንተኛ «ለ» ያሉኝንም ይዤ ተኝቻለሁ። ዮናስን አላህ ይስጠው።

ጋሼ፣ ትልቅ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ ምኑ ላይ እንዳጠፋሁ ግን በቅጡ አላውቅም።

ቅርንፉድ ለኔ የሻይ ነገር ነበር፤ ሁለት ሦስት ፍሬ ጣል የሚደረግ። እዚህ ግን በየመንገዱ ዳር ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ አገሩ በሙሉ እሱን እሱን ይሸታል። በለቀማው ወር ከሰባው ልጅ ሠላሳው ከክፍል ጠፋ። ወላጆቻቸውን ላናግር ስሄድ ቢ አሚና የሚሏቸው አንዲት አሮጊት ግቢ ሴቶቹ ክምር ቅርንፉድ ከበው ፍሬውን ከዘለላው ይለያሉ። እንግዲህ ያውቁኛል፤ ሰው ሥራ ላይ ሆኖ አይቼ እንዴት አልፋለሁ? ቁጭ ብዬ እስከ ማታ ስለይ ዋልኩ። በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን። በመጨረሻ የለየሁትን ሰፈሩና ገንዘብ ቆጥረው ዘረጉልኝ። ወይ ጉድ! ሰው ጎረቤቱ አጨዳ ላይ ውሎ ይከፈለዋል? ሁለት እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ። የቢ አሚና ፊት ጠቆረ።

አልገባኝም። እንዲያውም እነሱ ዘንድ ቀን ያለኝ መስሎኝ ነበር። የትምህርት ቤቱ አጥር ወድቆ ፍየል ክፍል ውስጥ ይገባል፤ «ቅዳሜ አጥር አለ» ብዬ ለሰፈሩ ተናገርኩና ለሃያ ሰው የሚሆን ሩዝ በባቄላ ቀቀልኩ። እስከ ቀትር ሶላት፣ እስከ ዙህር ጠበቅኩ። አንድም ሰው አልመጣም። ፍየሎቹ መጡ። ሰኞ ዕለት የዚህ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ጠርተው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ቢ አሚና «ገንዘቤን ተጸየፈችው» ብለው ተቀይመዋል አሉ፤ ሌላው ደግሞ «ያልተቀበለችው ከዛፉ ድርሻ ፈልጋ ነው» ይላል። አላለቀስኩም ብዬ አልዋሽዎትም።

ደቦ ነው ወይስ ወንፈል ብለው የጠየቁኝን ጥያቄ አጥር ሥር ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። አላውቀውም።

ኢሕሳን

*

መርሳ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢሕሳን፣

ሰላሙን ያብዛልሽ፤ ያየሽ ሁሉ ይውደድሽ። ኔትወርኩ አንድ ወር ጠፍቶ ባጀ፤ ቡርቱካን ደብዳቤሽን የሰጠችኝ ገና በጥምቀት ማግሥት ነው።

ፍየሎቹ መጡ ያልሽው ላይ ስደርስ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከዚያ ሩዙ ታየኝና አዘንኩ። አንቺ ልጅ፣ ወንፈል እኮ ሁለቱም የሚያውቁት ነገር ነው! አንዱ ብቻ የሚያውቀው ወንፈል የት አገር አለ? ገንዘቡን ተቀበያቸው። ተቀበይና በሱ ስኳር ገዝተሽ ቤታቸው ግቢ። ስኳር ይዞ የመጣን እንግዳ ከደጅ የሚመልስ ሰው አላውቅም፤ የባሕር ሰው ቢሆንም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ ዮናስ ነው የጠየቀኝ። ነጌቲቭን በነጌቲቭ ስናባዛ ለምንድን ነው ፖዘቲቭ የሚሆነው? አዲሱ መጽሐፍ «ይሆናል» ብሎ ያልፋል እንጂ ምክንያቱን አይነግርም። ጀብሪል ከመሐል ተነሥቶ «ሁለት ክፉ ተባዝቶ እንዴት ደግ ይወልዳል?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንቺ እንዴት አድርገሽ እንደምታስረጃቸው ዘርዝረሽ ጻፊልኝ፤ በትልልቁ ጻፊው። ማህሌት ከኋላ ወንበር ተነሥታ ፊት መጥታለች።

ካሳሁን

*

ፔምባ፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ካሳሁን፣

የረመዷን በረከት ከደጅዎ ይግባ። እንዳሉኝ አደረግኩ። ስኳሩን ይዤ ስገባ ቢ አሚና የሚቀመጡበትን ሰሌን ግማሹን ለቀቁልኝ። አሁን በየማታው ማፍጠሪያ ይልኩልኛል፤ ስምንት እግሯንም ጭምር። ተበላች፣ ለሸህ ይንገሩልኝ። አጥሩም ቆመ፤ ማን እንዳቆመው የሚነግረኝ አጣሁ እንጂ።

የዮናስ ጥያቄ ይኸው። መርሳን ዜሮ ያድርጋት። ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ፖዘቲቭ፣ ወደ ውርጌሳ የሚወስደው ነጌቲቭ ነው። አንድ ልጅ ያቁምና ፊቱን ወደ ውርጌሳ ያዙረው፤ ይኼ አንድ ነጌቲቭ። ከዚያ ሳይዞር የኋሊት ይራመድ፤ ይኼ ሁለተኛው። የት ይደርሳል? ወደ ወልድያ! ውጪ አውጥቶ እውነተኛው አስፋልት ዳር ያሠራቸው፤ መኪና ብቻ ይጠብቅላቸው።

ግን ጋሼ፣ ዮናስ በሒሳብ የተመረቀ ልጅ ነው፤ ይህን ምነው ከኔ ጠየቀ? ርስዎስ ማህሌት ከየት ተነሥታ የት እንደተቀመጠች ማን ነገረዎት? ለዮናስ ሦስት ጊዜ ጻፍኩለት፣ አልመለሰልኝም። ተቀይሞኝ ይሆን?

እዚህ ደግሞ ሁለተኛ ዓመት ቆዪልን ብለውኛል። ልጆቹ አሁን «አልገባንም» ማለት ጀምረዋል፤ ይህን ለመስማት አምስት ወር ፈጅቶብኛል። ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። ዮናስ አንድ ዓመት ይጨምርልኝ እንደሆነ፣ የመርሳው ርእሰ መምህርም ይፈቅዱ እንደሆነ ጠይቀው ቶሎ ይጻፉልኝ። የርስዎን ቃል ሳልሰማ እሺም እንቢም አልልም።

ኢሕሳን

*

መርሳ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢሕሳን፣

እንኳን ለዒድ አደረሰሽ፤ የከርሞ ሰው ይበልሽ። ዘገየሁብሽ፤ መንገዱ ነው።

አስፋልቱን አሠራናቸው። ጀብሪል የኋሊት ሄዶ ሄዶ ከሽንኩርት ጋሪ ጋር ተጋጨና «ገባኝ!» ብሎ ጮኸ። መርሳ ስትስቅ ዋለች።

ስለ ሁለተኛው ዓመት፦ ቆዪ። ልጆቹ ከለመዱሽ ቆዪ። እዚህ ያለው ይያዛል፤ እስከ ዛሬ ተይዞ የለም? ስለዚህ አትጨነቂ።

አንድ ጉዳይ ብቻ። ተፈራ ዓይኑን ታሟል፤ ግፊት ነው አሉት። ጠብታው ወልድያም ደሴም ጠፍቷል። ከዚያ አገር ካለ በሰው ላኪለት። ስሙን ቡርቱካን ከሥር ትጽፍልሻለች።

ወረቀቱ ስለተጨማደደ መስመሩ ዘሟል፤ እለፊኝ።

ካሳሁን

[ከወረቀቱ ሥር፣ በሌላ እጅ፦] የጠብታውን ስም በቴሌግራም እልክልሻለሁ። የተፈራ አይደለም። ተፈራ ባጃጁን ሌሊት ሳይቀር እየነዳ ነው። ዮናስም ከኅዳር ጀምሮ እዚህ የለም። አታውጪኝ። ቡርቱካን።

*

ፔምባ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታዬ እንዳለ ነው፤ ምርቃቱን ግን ዛሬ አልችልም፣ ተናድጃለሁ።

ወረቀቱ አልተጨማደደም። ፎቶው ላይ አየዋለሁ፤ ልሙጥ ነው። ቃሎቹ ናቸው አንዱ ባንዱ ላይ የወጡ። የጥቅምት ደብዳቤዬን «ሦስት ጊዜ አነበብኩት» ያሉኝ ሰው በጥር «በትልልቁ ጻፊው» አሉኝ፤ እኔ ደንቆሮ ለዮናስ መስሎኝ! ማነው ስምንተኛ «ለ»ን የያዘው? «አሠራናቸው» ብለው ጽፈዋል። እነማን ናችሁ?

በአያቴ በኑርሁሴን አፈር እለምንዎታለሁ፤ አንድ ጊዜ እውነቱን ይጻፉልኝ። ከዚህ ሆኜ የማላውቀውን ነገር መፍራት ከብዶኛል።

ኢሕሳን

*

መርሳ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢሕሳን፣

ቁጣሽንም ይባርከው። በሕማማት ሰሞን ውሸት ደግ አይደለምና ልንገርሽ።

ዮናስ ኅዳር እንደ ገባ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ወጣት ነው፣ አልፈረድኩበትም። ክፍሉ ሦስት ቀን ባዶ ዋለ። አራተኛው ቀን ጡረታዬን ትቼ ኮቴን ለበስኩና ገባሁ። ርእሰ መምህሩ «ጋሼ፣ ርስዎ እኮ የአማርኛ ነዎት» አለኝ። «ቁጥሩንስ በምን ቋንቋ ልትቆጥሩት ነው?» አልኩት። እሱም ተማሪዬ ነበር፤ መጽሐፉን አውጥቶ ሰጠኝ። ባዶ አልዋለም ብዬ ስጽፍልሽ ግን ሦስቱን ቀን ደብቄሻለሁ፤ ይቅር በይኝ። ማታ ማታ መጽሐፉን አጠናለሁ፣ ጠዋት አስተምራለሁ። በዚህ ዕድሜዬ x ፍለጋ መውጣቴን አየሽልኝ?

ዓይኔ በጥር ጀመረኝ። የካቲት 3 ደሴ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበረኝ፤ ሰኞ ዋለ፤ ሰኞ ደግሞ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሒሳብ አለ። ብቀር ማን ይገባል? አልሄድኩም። አሁን የቀኙ መሐሉን ያያል፣ ዳሩ ጨለማ ነው። የግራውን ተዪው። ወልድያ ያዩኝ ሐኪሞች ዘግይቷል ይላሉ። ለቀኙ ነው ጠብታውን የፈለግኩት።

ልጆቹ ያወቁት አንድ ቀን ባዶ ሰሌዳ አይቼ «ጎበዝ፣ ትክክል ነው» ስል ነው። አንድም ልጅ አልሳቀም። እነዚያ በጋሪ የሚስቁ ልጆች አንዳቸውም! ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሳያዛቸው፣ ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ ልጅ እየጻፈ ጮክ ብሎ ያነባል። ስሕተቱን በጆሮዬ አርማለሁ። ማህሌት ፊት የመጣችው ለዚህ ነው፤ መጽሐፉን ታነብልኛለች። ለማንም ትንፍሽ አላሉም፣ ለወላጆቻቸው እንኳ።

እፈራለሁ፣ ኢሕሳን። የምፈራው ጨለማውን አይደለም፤ ሰኔ ላይ ባንድ ሽማግሌ ድፍረት አርባ ስምንት ልጅ እንዳይወድቅ ነው። ደቦ ነው ወይስ ወንፈል ብዬ መጀመሪያ የጠየቅኩሽም ክፍል መግባት በጀመርኩ ሰሞን ነው። እኔም ምን ብዬ እንደገባሁ ጠፍቶኝ ነበር። እስካሁንም አልገባኝም።

አንቺ ግን ቆዪ። ይህን የጻፍኩት ልጠራሽ አይደለም።

ካሳሁን

*

ፔምባ፣ ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ካሳሁን፣

ብርሃንዎን አላህ ያትርፍልኝ።

ደብዳቤዎን ይዤ የዚህ ርእሰ መምህር ዘንድ ገባሁ። በእንግሊዝኛ ጀመርኩ፣ አልወጣልኝም። በስዋሂሊ ጀመርኩ፣ ያቺው ሃምሳ ቃሌ አለቀች። በመጨረሻ ያችኑ ስዋሂሊዬን ለቃቅሜ «ማሳዬ ላይ ሌላ ሰው እየደከመ ነው» ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው ግራ ገብቷቸው ውሃ አመጡልኝ። የገባቸው ለቢ አሚና ነው፤ በር ላይ ቆመው ሲሰሙ «ታዲያ ምን ትጠብቃለች? ትሂድ እንጂ!» አሉ። አጥሩን ያቆሙትም እሳቸውና ልጆቻቸው መሆናቸውን ያን ዕለት ሰማሁ። ለምን እስካሁን እንዳልነገሩኝ ብጠይቃቸው «አንቺስ ገንዘቡን እንቢ ስትይ ነገርሽን?» አሉኝ።

ሰባዎቹን ጥዬ መውጣቴ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። የመጨረሻው ቀን ተነሥተው «ሺካሞ» ሲሉኝ ወደ ኋላዬ ሳልዞር ተቀበልኳቸው። የጀመርኩትን ሌላ መምህር ተረክቦታል። ያም ልጅ ነው፤ ነገ እሱም ወደ ኋላው ይዞር ይሆናል።

እሑድ ግንቦት 10 መርሳ እገባለሁ። ጠብታውን ይዣለሁ፤ ቢ አሚናም አንድ ከረጢት ቅርንፉድ «ለዚያ ሽማግሌ» ብለዋል። ሰኞ ጠዋት ተፈራ መናኸሪያ ያደርስዎታል፣ ደሴ ይሄዳሉ፤ ቡርቱካን አብራዎት ትሄዳለች፤ እኔ ክፍል እገባለሁ። እየለመንኩዎት አይደለም፣ እየነገርኩዎት ነው። ስለ ድፍረቴ እሑድ ይቆጡኛል።

ኢሕሳን

*

መርሳ፣ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢሕሳን፣

መንገዱን ያቅናልሽ፤ ባሕሩም ሰማዩም ደህና አድርገው ይመልሱሽ። ይህን በራሴ እጅ ነው የምጽፈው። መስመር ከሳተ አሁን ሰበብ አልሰጥም።

ደሴ እሄዳለሁ፤ ማልኩልሽ። ግን ሰኞ አይደለም፣ ማክሰኞ ነው። አትቆጪ፤ ስሚኝ። ሰኞ የምዕራፉ መጨረሻ ነው። እኔ የጀመርኩት ምዕራፍ ነው፤ እየተደናበርኩ፣ በምሽት እያጠናሁ፣ በልጆች ጆሮና ዓይን እየታገዝኩ እዚህ ያደረስኩት። ሌላ ሰው እንዲጨርሰው አልፈልግም፣ አንቺም ብትሆኚ። ከማክሰኞ ጀምሮ ክፍሉ ያንቺ ነው።

ለልጆቹ አልነገርኳቸውም። ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ቀስ ብለሽ ግቢና ፊት ወንበር ተቀመጪ። ማህሌት አራት ወር ሙሉ አንብባልኝ ድምፅዋ ሰልሏል፤ አንድ ቀን ትረፍ። ሰሌዳውን አንቺ ታነቢልኛለሽ።

ጮክ ብለሽ አንብቢ። ስትሳሳቺ አርምሻለሁ።

ካሳሁን